ከቦሌ እስከ ዱለስ

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ለየቅል።

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በወለደች ጊዜ አክስቴ ሊያርሷት ተነሱ፤ እኔም አብሬያቸው። ሳምንቱን ሙሉ በርበሬው፣ የገንፎ ዱቄቱ፣ የተነጠረው ቅቤ ሲታሸግ ሰነበተ። ልጅቷም በስልክ፣ «እማዬ፣ አታስቢ። አውሮፕላን መቀየር የለም፤ ማታ ተሳፍረሽ፣ ተኝተሽ ስትነቂ እኔ ጋ ነሽ» አለቻቸው።

ገና ጎህ ሳይቀድ አውሮፕላኑ አረፈ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ተመስገን! ልጄ፣ ቦርሳዬን አውርድልኝ» ብለው ብድግ አሉ። በመስኮቱ የሚታየው ግን የደብሊን ዝናብ ነበር።

«እትዬ፣ ነዳጅ ሊቀዳ ነው። ገና ስምንት ሰዓት ያህል ይቀረናል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «መድኃኒቴስ?» አሉ። የደም ግፊት ኪኒናቸው ከበርበሬው ጋር ታሽጎ፣ ከእግራችን በታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። ለአንዲት ሌሊት ምን ያደርግልኛል ብለው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ማረፍ ያስፈለገበትን ላስረዳ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሰውና ጓዝ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀዳል፤ እንደየጊዜው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ። ጉዞው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ዱለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲመለስ ታንከሩን ሞልቶ ይነሳል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል፤ በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

አትላንቲክን ስናቋርጥ አክስቴን ራሳቸውን አመማቸው፣ እግራቸው አበጠ። አስተናጋጆቹ ሲያፈላልጉ ከተሳፋሪው መሐል አንዲት ነርስ ተገኘች። ውሃ እያጠጣች፣ በመተላለፊያው ቀስ እያለች እያራመደች፣ እስክናርፍ ከአጠገባቸው አልተለየችም። እግዜር ይስጣት። ሻንጣው እንደወጣ መጀመሪያ የፈታነው የመድኃኒቱን ጥቅል ነው።

ወላጅ የምታስመጡ ልጆች፣ እባካችሁ «ቅርብ ነው» እያላችሁ አታጽናኑ። የት እንደሚያርፉ፣ እዚያ ሲደርሱ ስንት ሰዓት እንደሚቀራቸው ቁርጡን ንገሯቸው። ቦሌ ላይ የሚጠብቁትንና ዱለስ ላይ የሚሰለፉትንም ደምሩበት። መድኃኒታቸው ከሐኪም ወረቀቱ ጋር የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ይሁን፤ በየሰዓቱ ተነስተው እግራቸውን እንዲያፍታቱ አስታውሷቸው። ልጅሽ ወለደች ተብላ መንገዱ ረዘመ ብላ የምትቀር እናት የለችም። እውነቱን ካወቀች ግን ተዘጋጅታ ትሄዳለች፣ በጤናም ትደርሳለች።