ጨዋው በሽታ
ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው ቀይ አፈር ላይ ያለ ከልካይ ተንሰራፍቶ እንዲኖር ስለፈቀዳችሁለት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጨዋ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አዲስ አበባ ገብቶ ባለሥልጣን አያስደነግጥም፣ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገውንም አይደፍርም። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጣ፣ ዓመታት ወስዶ እግሩን ያሳብጠዋል፤ ጎረቤት ደግሞ «እባብ ረግጦ ነው» ይላል። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታመው አግኝቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ሠራተኛ እግሩ ቢያብጥ በማግስቱ ግብረ ኃይል ይቋቋም ነበር።

«የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል?» ትሉ ይሆናል። ዘር እንዳለበትማ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት በዘረ መል ጥናት አሳይተዋል። ነገር ግን በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በሽታው የጠፋው ሰዉ ዘሩን ቀይሮ አይደለም፤ ጫማ ለምዶ ነው። «ገበሬው ቢሰጡትም አያደርግም» የምትለዋ ክስ ደግሞ ከሁሉ ታምራለች። አንድ ጥንድ ብቻ ያለው ሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቢያስቀምጣት፣ በሐምሌ ጭቃ ከሞፈሩ ኋላ በባዶ እግሩ ቢከተል ምን ይገርማል? አንዴ ያበጠ እግር እንደሆነ የሱቅ ጫማ አይገባለትም።

«አይገድልም፤ ካንሰርና ኩላሊት ይቅደሙ» የሚለው መከራከሪያ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፣ የሥራ ቀን እስኪቆጠር ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የወላይታ ጥናት ሕመምተኛው ከዓመቱ የሥራ ቀናት 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል። ጫማ መግዣ ያጣው ሰው በዚህ ላይ ከእርሻው ይቀራል። ሕክምናው ግን እግርን በሳሙና አጥቦ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ትኩሳት እያስነሳ አልጋ ላይ የሚጥለውን ግርሻ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በሽታው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገር አቀፍ ዕቅዳችሁ ላይ በስሙ ሰፍሯል። ስለዚህ ሌላ ዕቅድ አታውጡልን። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻና በእግር ልክ የተሰፋ ጫማ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላሉ ጤና ኬላዎች እንደ መድኃኒት ይታደሉ።