«ምንም የለብህም»ን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ!

በደብረ ማርቆስ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ የካርድ፣ የሰገራ፣ የደምና የአልትራሳውንድ ካስከፈለን በኋላ «ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው፤ አትጨነቅ» ብሎ ስላሰናበተን፤ ቁርጠቱ ግን ስላልተሰናበተ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ። «አንጀት» ማለት ከ100 ሚሊዮን በላይ የራሱ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1899 እ.ኤ.አ. ከውጭ የሚመጣለትን ነርቭ ሁሉ ቆርጠውበት እንኳ የገባበትን ወደ ታች ሲገፋ ያገኙት ነው። «ሴሮቶኒን» ማለት በሰውነታችን ካለው 90 ከመቶ ያህሉ እዚያው አንጀት ውስጥ የሚገኝ መልእክተኛ ነው። እንጀራው ወርዶ ግድግዳውን ሲጫነው የግድግዳው ሕዋሳት ይለቁታል፤ እሱም ሥር ያሉትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ ከምግቡ በላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ በታች ያለው ይላላል። ሥራው ሲያልቅ ሕዋሳቱ መልሰው ይሰበስቡታል። እጅግ ከበዛ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ።

አንቀጽ 2። ክልከላ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ማንኛውም ሰው «አትጨነቅ» ማለት አይችልም። ሆኖም፦

ሀ) የጭንቀቱን ምክንያት ራሱ ያስወገደ ማለት ይችላል።

ለ) ምክንያቱ ማዳበሪያ ከሆነ፣ ማዳበሪያው ጤፍ ሳይዘራ መድረስ አለበት፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ለደረሰ «ትንሽ ብቻ ተጨነቅ» ይፈቀዳል።

ሐ) ምክንያቱ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ ከሆነ፣ ልጁ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ከጎሐ ጽዮን ሲደውል ፊደል ሀ እንደተፈጸመ ይቆጠራል።

መ) መንገድ ከተዘጋ ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ፊደል ሐ አይሠራም።

ሠ) በፊደል መ ምክንያት ልጇ ያልደወለላት እናት...

እናቲቱን ምን ልትሏት ነው? «አትጨነቂ»? ስልኩን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ነው የምታድረው! እሺ፣ ጭንቀት ይሁን። ጭንቀትም ከጭንቅላት ወርዶ የሚያርፈው እነዚሁ የአንጀት ነርቮች ላይ ነው፤ የሚቆርጣትም እውነተኛ አንጀቷን ነው። ማይክሮስኮፓችሁ ጃርዲያ ያሳያል እንጂ ከሕዋስ ወደ ነርቭ የሚሄደውን መልእክት አያሳይም። «በመሣሪያዬ አላየሁትም» ማለት ምን ያሳፍራል? «የለብሽም» ስትሏት ግን ውሸታም እያላችኋት ነው፤ ያውም በከፈለችው ገንዘብ።

ወደ አዋጃችን እንመለስ።

አንቀጽ 3። ኦሜፕራዞል ለሆድ ሁሉ አይታዘዝም።

አንቀጽ 4። ቅጣት ይኖራል።

አንቀጽ 5። አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አንቀጽ 6። ተመላሽ። «ምንም» ለተባለ በሽታ የተከፈለ ገንዘብ በሙሉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የካርዱም ጭምር።