ቦታ ስለ ቀየረ ስሕተት

ባለ ፓራሜትር መጠይቅ የሚባለው፣ የትእዛዙ መዋቅር ለእሴቶች ክፍት ቦታ ተትቶለት ለብቻው፣ ተጠቃሚው የሞላው ጽሑፍም ለብቻው ወደ መረጃ ቋት የሚደርስበት፣ በዚህም ጽሑፉ ምንም ቢል እንደ ተራ እሴት እንጂ እንደ ትእዛዝ የማይቆጠርበት ዘዴ ነው፤ ስቶርድ ፕሮሲጀር ደግሞ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ተቀምጦ በስሙ የሚጠራ የትእዛዝ ስብስብ ነው። የኋለኛው ደጋፊዎች፣ ለመተግበሪያው ሠንጠረዦቹን ከልክሎ ፕሮሲጀሩን የማስፈጸም ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ይሁንና ከመካከላቸው አንዳንድ ሊቅ በዚያው ፕሮሲጀር ሆድ ውስጥ የተጠቃሚውን ጽሑፍ ከትእዛዙ ጋር በመደመር ምልክት ገጣጥሞ እንዲፈጸም ካደረገ በኋላ፣ ጥበቃው መሟላቱን በሪፖርት ያበሥራል፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ብሂል በመመሪያው አልተካተተምና አይፈረድበትም።

ሁለቱም ዘዴዎች እንዲከላከሉት የታሰበው፣ በመጻፊያ ሳጥን በኩል ትእዛዝ አስርጎ የማስገባት ጥቃት፣ ማለትም ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደባባይ የተጻፈለት ሲሆን፣ የብሪታንያው የቴሌኮም ኩባንያ ቶክቶክም በ2015 በዚሁ ስልት መረጃ ተዘርፎበት በ2016 የ400 ሺህ ፓውንድ ቅጣት ተጥሎበታል። ፕሮሲጀሩን በፓራሜትር መጥራትና ውስጡንም ከመገጣጠም ማጽዳት፣ ማለትም ሁለቱን ዘዴዎች አብሮ መጠቀም፣ እንደሚቻል የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ የትኛው ይሻላል የሚባልበትን ስብሰባ ስለሚያሳጥር ብዙም አይወደድም።