ዘንዶው መቄት ገባ

በገበጣ የተበላ ጠጠር አይሞትም። የበላው ሰው ጉልበቱ ሥር ያከማቸዋል፣ ዙሩ ሲያልቅ ይቆጠራል፣ ለሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል። ቅድም የኔ የነበረው ጠጠር አሁን ለባላጋራዬ ሲሮጥ ባየውም አልቀየመውም፤ ጠጠር ወገን የለውም። የድሮው የኛ ሰንጠረዥ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ያየው ያ ጨዋታ፣ የመጀመሪያው ጭፍራ እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለቱም እንዳሻቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዴ መበላላት ከተጀመረ በኋላ ግን የባላጋራን ጭፍራ ለቃቅሞ መጨረስ አያስከብርም። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት ነውር ነው። ጎበዝ ተጫዋች እየቆጠበ ይበላል፤ ለተሸናፊው አንድ ሁለት አሽከር ይተውለታል፣ ከነአጀቡ እንዲሸነፍ።

ይህን ሁሉ የማወራው ከጨዋታ የወጣ ነገር የት ይሄዳል የሚል ጥያቄ ባለፈው ገና ቤቴን ስላመሰው ነው።

የላሊበላን ገና ያየ ያውቀዋል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ጀምሮ ከዋግ፣ ከቡግና፣ ከመቄት፣ ከየት ከየት በእግሩ የሚመጣው ምእመን ከተማውን ይሞላዋል። እንግዳ ሲገባ እግሩ ይታጠባል፣ ከዚያ ባዶ የተገኘ ቦታ ላይ ይተኛል። የኔ ቤት መደብ ላይ፣ መደብ ሥር፣ በር ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቶበት ነበር። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣውም በዚሁ ሰሞን ነው። ሻንጣውን ሲከፍት ከቫይታሚኑና ከጫማው መሐል ሁለት የካርታ ሳጥን ወጣ።

እኔ ካርታ ስል የማውቀው ኮንከርና ክሬዚ የምንጫወትበትን፣ ጆከር ያለውን ነው። ይኼኛው ማጂክ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው ፈጥሮት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰባቸው ካርዶች የራሱን ክምር ያዘጋጃል፣ በ20 ነፍስ ይጀምራል፣ ነፍሱ ያለቀበት ይሸነፋል። ካርዱ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ስም አለው። ያልተሳበው ክምር ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የተሳበው እጅ ላይ ነው፣ የወጣው የጦር ሜዳ ላይ ነው፣ የሞተው መቃብር ይወርዳል። ከሁሉ ወዲያ ደግሞ ስደት አለ። ልጁ መቃብርን ገበታ ባደረግነው ሰፌድ ዳር፣ ከእጁ ቀረብ አድርጎ አስቀመጠው። ለስደት ግን ሰፌዱ ላይ ቦታ ስላልነበረው መደቡ ጫፍ ላይ፣ አጎዛው ላይ አኖረው። ለኋላ ጣጣ የዳረገን ይህ ነው።

የዋዜማው ማታ መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል። በስልክ ባትሪ እየተጫወትን፣ ጾም ነውና ቆሎ እየቆረጠምን፣ አንድ ዘመዳችን ቄስ ከጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩናል። የኔ ክምር አረንጓዴ ነው፣ የዱር አውሬ የበዛበት። ገና ዝሆኔን አውጥቼ ሳልደሰትበት ልጁ አንድ ካርድ ጣለና ስሙን ተረጎመልኝ፤ ሰይፍን ወደ ማረሻ።

«ኢሳይያስ!» አሉ አባ ከጥጋቸው። «ምዕራፍ ሁለት።»

እውነትም ከዚያው የተወሰደ ነው። ካርዱ ከጨዋታው የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ አንድ አውሬ ከሜዳ አስወጥቶ ለባለቤቱ የአውሬውን ጉልበት ያህል ነፍስ ይሰጣል። የዝሆኔ ጉልበት ሦስት ነበረና ሦስት ነፍስ ተጨመረልኝ። ወታደሩ መሣሪያውን ፈትቶ ገበሬ ሆነ፣ ሰብሉም ለጌታው ገባ ማለት ነው። የሚያስከፍለው አንዲት ነጭ ማና፣ ማለትም የጨዋታው መክፈያ ኃይል፣ ብቻ። ከዚህ የረከሰ እርቅ በኛ አገር ሽማግሌ አይገኝም።

«ሞተ?» አሉ አባ።

«አየሽ አባ፣ አልሞተም። ተሰደደ» አላቸው ልጁ። አማርኛ የሚያወራው ከእናቱ ጋር ብቻ ስለሆነ ሰውን ሁሉ «አንቺ» ነው የሚለው። አባ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አለፉት።

«ታዲያ ከሞት ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

ይብሳል። መቃብር እዚህ ጨዋታ ውስጥ መዝጊያ የሌለው ቤት ነው። ሬይዝ ዴድ የሚባል ካርድ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሞተ አውሬ እያነሣ ወደ እጅ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት አስነሺዎች ለቁጥር ያታክታሉ። አንዳንዱ ተጫዋች እንዲያውም ትልቁን አውሬውን ሆን ብሎ መቃብር ይወረውረዋል፣ በርካሽ ሊያስነሣው። የተሰደደ ካርድ ግን የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል። በሌሎቹም ጨዋታዎች ከመቃብር ወዲያ ያለ ቦታ አለ፤ ፖኬሞን የጠፋው ሠፈር የሚለው ቦታ አለው፤ ዩ-ጊ-ኦ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማባረር የሚለውን ቃል ይዟል።

አባ ይህን ሰምተው ሳቁ። «የሚጠራው የለም አልክ? የላስታን ሰው እንዲህ አትበለው።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቆመ፣ ወሬው ሄደ። የዛጔ ነገሥታት በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ካስረከቡ በኋላ ዘራቸው ዋግ ላይ እየተከበረ ቁጭ አለ፣ ሜዳውን ግን አላየውም። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሲቀረው፣ በ1860 ዓ.ም. ከዚያ ዘር ነኝ ያሉት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆነው እስኪወርዱ ድረስ ነበሩ። አምባሰል ላይ ያለችውን ግሸንንም አባ አልረሷት። የንጉሥ ወንድምና ልጅ ሁሉ አምባው ላይ ይዘጋበት ነበር። አይገደልም፣ አይነግሥም፣ ይቀመጣል። ዙፋን ባዶ ሲሆን መኳንንቱ ይወጡና አንዱን ይዘው ይወርዳሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት፣ ዐፄ ናዖድም እንዲሁ። የግራኝ ጦር በ1532 ዓ.ም. አምባውን ሰብሮ እስኪገባ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ።

«እንግዲህ» አሉ አባ፣ «የሞተውን ንጉሥ ቀብረህ ትረሳዋለህ። ግሸን ያለውን ግን ቀንም ሌትም ታስጠብቀዋለህ። የቱ ነው ከጨዋታ የወጣው?»

ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። የሱ ጨዋታ ፈጣሪዎችም እዚሁ ጉድ ውስጥ ገብተው ነበር። ድሮ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ከጨዋታው ይወገድ» የሚል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ምኞት» የሚሉ ካርዶች አወጡ፣ ከጨዋታው ውጭ ካለ ንብረትህ አንዱን አምጣ የሚሉ። ተጫዋቹ መቼ ይተኛል? ከጨዋታ የተወገደ ካርድ ከጨዋታ ውጭ ነው፣ ስለዚህ ላምጣው አለ፤ ደንቡም ፈቀደለት። የተወገደው ሁሉ በምኞት በር እየገባ ሰባት ዓመት ቆየ። በ2009 እ.ኤ.አ. የደንብ ለውጥ ሲመጣ ቦታው ስደት ተባለና ጨዋታው ውስጥ ካሉ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ምኞት ሻንጣህ ውስጥ ያለውን እንጂ የተሰደደውን አይደርስበትም። በሩ ተዘጋ ሲባል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የባላጋራን ስደተኛ ወደ መቃብሩ እየመለሱ ጉልበት የሚያገኙ ፍጥረቶች ራሳቸው አሳተሙ። ሰው የዘጋውን በር ሳይነካካ ማደር አይችልም፣ ካርታ አታሚም ቢሆን።

በእርግጥ ጨርሶ የሚጠፋ ነገር አለ። የልጁ ነጭ ክምር ወታደር ያፈላል፣ ወታደሮቹ ግን ካርድ የላቸውም፤ ቶከን ይባላሉ፣ በሳንቲም ወይ በጠጠር ይመሰላሉ። እኛ በቆሎ መሰልናቸው። ቶከን ከሜዳ ከወጣ፣ መቃብርም ይሂድ ስደት፣ እዚያው ህልውናው ያበቃል፤ መመለስ የለውም። ልጁ ይህን እያስረዳኝ ሳለ ትንሿ ልጄ እጇን ሰደደችና ሁለት ወታደር ቆረጠመች። ደንቡ በዚህ ላይ ግልጽ ነው።

ወደ ሜዳው ስንመለስ ክምሬ ውስጥ ያለውን ትልቁን ነገር አወጣሁ፤ ጉልበቱ ስድስት የሆነ ዘንዶ መሳይ ትል። ልጁ ደነገጠ፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ተራው የመርሳት ቀለበት የሚባል ካርድ ጣለ። ቀለበቱ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ዘንዶዬ ስደተኛ ነው፤ ቀለበቱ ከፈረሰ ይመለሳል። ግሸን ማለት ይህ ነው። ዘንዶው ከዝሆኑ አጠገብ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ከመቄት የመጡት እማሆይ ከደጅ ገቡና፣ «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ወገቤ» ብለው እዚያው አጎዛ ላይ ጋደም አሉ። መነኩሴን ተነሽ፣ ዘንዶ ሥርሽ አለ አይባልም። ጨዋታውን እንዳለ ትተን፣ ልጁ ሜዳውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ሰፌዱን ወደ ጓዳ አስገብተን ለማኅሌቱ ተነሣን።

ስለ ቤዛ ኩሉ ዝማሬ ብዙ አልልም፤ ከቤተ ማርያም በላይ ያለው የዐለቱ አፋፍ በነጭ የለበሱ ካህናት ሞልቶ፣ እታች ግቢው ውስጥ ያሉት ሲመልሱላቸው ያየ የኔን ወረቀት አይፈልግም። ልጁ እዚያ ሰዓት ላይ ካርታ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ይመስለኛል።

ፍስኩን ቀምሰን ሰፌዱ ሲመለስ የመጀመሪያ ስቤ ቀለበት የሚያፈርስ ካርድ ሆነ። አፈረስኩ። ዘንዶው ይመለሳል። ወደ መደቡ ዞርኩ፤ እማሆይ ሄደዋል። አጎዛውን አነሣን፤ ዝሆኑ ወገቡ ታጥፎ ተገኘ። ዘንዶው የለም። መደቡ ሥር፣ ጀሪካኑ ኋላ፣ የእንግዶች ጫማ ውስጥ ሳይቀር አየን። ባለቤቴ እማሆይ ከመሄዳቸው በፊት አጎዛው ላይ ያለውን ኩታቸውንና መጽሐፋቸውን አፍሰው ወደ አገልግላቸው ሲከቱ ማየቷን ተናገረች።

በወረቀት ላይ ጽፈን እንተካው አልኩት። ልጁ አልተስማማም። ካርዱ የመጀመሪያ ካርታው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የተሰጠው ነው። ከዚያ ትንሽ አሰበና በጣም ደስ የሚል ብይን ሰጠኝ። «ስደት ላይ ቢሆን ቀለበቱ ሲፈርስ ይመለስ ነበር። አሁን ግን መቄት ነው። መቄት ጨዋታው ውስጥ የለም።» ስለዚህ ዘንዶው ከጨዋታው ውጭ ነው፤ ከጨዋታው ውጭ ከሆነ ደግሞ ምኞት ይደርስበታል፤ ሕያው ምኞት የሚባለው፣ አውሬ የሚያመጣው ካርድ፣ አረንጓዴ ነውና እኔ ክምር ውስጥ አለ። በሁለተኛው ስቤ መጣልኝ። ካርዱ የተፈለገውን አውሬ ለባለቤቱ እጅ ያስገባና ራሱ ይሰደዳል። ችግሩ አንድ ነው፤ የሚመጣውን ካርድ ለባላጋራ ማሳየት ግዴታ ነው።

በዘመድ ዘመድ የእማሆይን የልጅ ልጅ ስልክ አገኘንና ደወልኩ።

«ልጄ፣ አንተ ነህ የላክብኝ?» አሉኝ ገና ድምፄን ሲሰሙ። ለካ አገራቸው ገብተው አገልግሉን ሲከፍቱ ከመጽሐፋቸው ላይ ዘንዶ ተጋድሞ አገኙ። ከላሊበላ፣ ከልደት በዓል መልስ፣ ዘንዶ! በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። የንስሐ አባታቸውም ካርዱን ገለባብጠው አይተው፣ ጠበል ረጭተው፣ ይህ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ነው፣ ሰማዕቱ የተቀደደበት ሥዕል ይሆናል አሉ። አሁን እማሆይ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ሥዕል ማዕዘን ተሰክቶ ይገኛል። ጦሩ ከበላዩ አለ፣ ስለዚህ አያሠጋም።

እንዲመልሱልን ለመንኩ። የልጅ መጫወቻ ነው ብል አላመኑኝም፤ እንዲህ ጥርሱን ያገጠጠ አውሬ ለልጅ አይሰጥም አሉ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ «አንቺ እማሆይ፣ የኔ ነው፣ እባክሽ» ሲላቸው ግን ልባቸው ራራ፤ ለነገሩ እሳቸውን አንቺ ማለቱ ለአንድ ጊዜ ቦታው ላይ ዋለ፣ ለመነኩሴ ባይባልም። ዘንዶውን ሊመልሱ ተስማሙ፣ በአንድ ነገር። ግድግዳው ላይ ክፍት ቦታ ማየት አልወደዱም። ምትኩ ይላክልኝ አሉ፣ የላሊበላ የሆነ የጊዮርጊስ ሥዕል፣ ከነዘንዶው።

ከቤተ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ገዝቼ ለጋሸና ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት። ልጁ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ ሰነበተ። የሜዳውን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ የሱ ነፍስ 11፣ የኔ 9፣ ተራው የኔ፣ ሕያው ምኞት እጄ ላይ። እማሆይ ደግሞ ትናንት አስደውለው፣ ሥዕሉ ደርሷል፣ ነገር ግን ፈረሱ ነጭ መሆን ሲገባው ዳማ አድርገህ ልከህብኛል፣ ይህን ሳታስተካክል ዘንዶ የለም አሉኝ።