ሁለተኛው ቁልፍ

ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ያውቀዋል። ሻጩ ሊብሬውን፣ መፍቻውን፣ የዝናብ ልብሱን ሳይቀር ያስረክብና ቁልፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። «ሁለተኛው ቤት ነው፤ ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ አመጣልሃለሁ።» የእኔም ሻጭ ያለው ይህንኑ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ስደውል ያነሳል፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ይላል፣ ሞተሯ ዘይት ትበላ እንደሆነ ይጠይቃል። ቁልፉ ግን ከደህና ቦታው አልወጣም። አገራችን ውስጥ ደህና ቦታ የገባ ዕቃ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የቢፌው የታችኛው መሳቢያ ይሁን መርፌና ክር የሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ የሌለው ቤት የለም።

ስለዚህ ላስቀርጽ ወጣሁ። ሐዋሳ ውስጥ ቁልፍ ቀራጭ ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም፤ ጃንጥላ፣ አነስተኛ ማሽን፣ በሽቦ ላይ የተሰካ የጥሬ ቁልፍ መዓት ካያችሁ ደርሳችኋል። ልጁ ቁልፌን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፤ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቋል።»

«ይሠራል እኮ!»

«ስለተላመዱ ነው እንጂ!»

እውነቱን ነው። የሞተር ቁልፍ መግቢያ ውስጥ በጥቃቅን ሞላ የተደገፉ ስስ ብረቶች አሉ፤ የቁልፉ ጥርስ በልኩ ሲያሰልፋቸው ይዞራል። ዓመታት ሲሄዱ ቁልፉም ብረቶቹም አብረው እየተበሉ ይቻቻላሉ። ከተበላ ቁልፍ የተቀረጸ ቁልፍ ደግሞ መበላቱንም ይወርሳል። ዋናው መፍትሔ ፋብሪካው የሚሰጠው የቁልፍ ቁጥር ነው፤ በቁጥሩ የተቀረጸ እንደ አዲስ ይወጣል። ቁጥሩ ያለው ከቁልፉ ጋር በምትመጣ ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ነው። ቆርቆሮዋ ያለችው ከሁለተኛው ቁልፍ ጋር ነው። ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

ለማንኛውም ቀረጸልኝ። አዲሱ ቁልፍ ሞተሯን አስነሳ፣ መሪውን ቆለፈ፤ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ግን እምቢ አለ። ልጁ ሞረደው፣ አሻሸው፣ እንደገና ሞከረው፤ በመጨረሻም «በአዲሱ አስነሳ፣ በአሮጌው ነዳጅ ቅዳ» ብሎ ፈረደ። እኔም ሁለቱን በአንድ ማንጠልጠያ ይዤ እዞራለሁ። ከጠፉ የሚጠፉት አብረው ነው።

ነገሩን ሳስበው ትርፍ ቁልፍ ከጠባያችን ጋር አይሄድም። አያቶቻችን የሳንዱቃቸውን ቁልፍ መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይውሉ ነበር፤ ስኳር ያማረው ልጅ መጀመሪያ አያቱን ማስተኛት ነበረበት። ዛሬ መቀነቱ ቀረ፣ ቁልፉ አንድ እንደሆነ ቀጠለ። የእድራችንን ዕቃ ቤት ውሰዱ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ በሙሉ እዚያ ነው። ቁልፉ አንድ፣ ያዡም አንድ። ያዡ ታማኝ ሰው ናቸው፤ ዘመድ ግን ይበዛባቸዋል። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር እሳቸው ወይ ሻሸመኔ ሠርግ፣ ወይ ይርጋለም ለቅሶ ናቸው። እኛ በሩ ላይ ተሰልፈን እንከራከራለን። ይሰበር የሚል አለ። ያለ ቃለ ጉባኤ ማን ይሰብራል የሚል አለ። ብረት ድስት ሳይመጣ ሽንኩርት የከተፉት ሴቶች ምን እንደሚሉን እዚህ አልጽፈውም። በስብሰባ ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ ተብሎ ነበር፤ ታዲያ ማን ይያዘው? ሁለት ሰው ከያዘውና ማንኪያ ከጎደለ ማን ይጠየቃል? ሐሳቡ በዚሁ ወደቀ። የቁጠባ ማኅበራትን ሣጥን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሦስት ጓጉንቸር አለው፣ ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰው እጅ ናቸው። አንድ ነገር ሦስት ሰው ካልተሰበሰበ እንዳይከፈት ማድረግ እንችልበታለን። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲከፍት ማድረግ ግን ያስጠረጥራል።

አሁን ሳላሾፍ ልናገር። የሞተሯ ሽያጭ ውል ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ ቀለሟ አለ፣ ዋጋው በአሃዝም በፊደልም አለ፣ የምስክሮች ፊርማ አለ። ደላላው ከሁለታችንም ወስዷል። ስለ ቁልፍ አንድ መስመር የለም። ይጻፍ ብል «ሰው አታምንም እንዴ?» ተባልኩ። እንግዲህ የእኔ ንብረት መክፈቻ ሰው ቤት ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ባቆምኩበት ሁሉ ለጠባቂ እከፍላለሁ። ቤት ያከራየም ያው ነው፤ ተከራዩ ሲወጣ ቁልፍ ይመልሳል፣ ስንት አስቀርጾ እንደነበር የሚጠይቀው የለም። ቀራጩም ቢሆን ሞተሯ የማን እንደሆነች አልጠየቀኝም። ይህ መተማመን አይባልም፤ ዝርክርክነት ነው!

ይሁን እስቲ፤ የባሰም አለ። ሆንዳ በአንዳንድ ትልልቅ ሞተሮቹ ቁልፍ ውስጥ ቺፕ ይቀብራል፤ ጥርሱ ቢገጥም እንኳ ቺፑ ካልታወቀ ሞተሩ አይነሳም። ያማሃ ደግሞ ለአንዳንዶቹ ሦስት ቁልፍ ይሰጣል፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገቢያ ነው፤ መመሪያው ደህና ቦታ አስቀምጡት ይላል። ጃፓኖችም!

መለዋወጫ ሱቁ ማስነሻውንም የታንከር ክዳኑንም በሙሉ ቀይር ይለኛል። ቀራጩ ደግሞ የሚስማማው ጥሬ ቁልፍ መርካቶ አይጠፋም ብሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ አንባቢ ካለ እባክዎ አንድ ይያዙልኝ፤ ዋጋውን ከነቡናው እከፍላለሁ። ለናሙና ቁልፉን እንዳልልክ ነዳጅ የምቀዳው በእሱ ነው። ፎቶውን እልካለሁ።