ድንኳኑ የፊልም ነው

ፈረንጆች ልዕለ ጀግኖቻቸውን አንድ ቤት ለመሰብሰብ ያልሞከሩት የለም። ከሰማይ የጠላት መዓት ያወርዳሉ፣ ከተማ ያፈርሳሉ፣ ምድርን ካላጠፋሁ የሚል እብድ ያስነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «አምብሬላ አካዳሚ» ግን በእኛ ሰፈር የሚደረገውን አደረገ። አሳዳጊ አባት ሞተ፤ ተኮራርፈው የተበታተኑት ልጆች ለቅሶ መጡ። አለቀ። አንዱ ጨረቃ ላይ ኖሮ የመጣ ነው፣ አንዱ ሱሰኛ ነው፣ አንዷ የቤተሰቡን ገመና መጽሐፍ አድርጋ ስላሳተመች ሁሉም በክፉ ዓይን ያያታል። ለቅሶ ደርሶ ያደገ ሰው ይህን ድራማ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የኮሚክ መጽሐፉን ጄራርድ ዌይ የተባለ ሙዚቀኛ ጽፎት፣ ጋብሪኤል ባ ሥሎት፣ በ2007 ነው መውጣት የጀመረው።

የጀግና ቡድን ከሲኒማ ወጥቶ ወደ ተከታታይ ድራማ ሲገባ ያተረፈው ጊዜ ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ስድስት ጀግና ካለ ለአንዱ የሚደርሰው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ላይ ድብድቡ ብዙውን ይበላል። በተከታታይ ድራማ ግን ሰውየው ቁጭ ብሎ ለመቆዘም ጊዜ አለው። በዚያው በ2019 የወጣው «ዱም ፓትሮል» ውስጥ አንድ የመኪና ተወዳዳሪ የነበረ ሰው አእምሮው ብቻ ተርፎ በብረት ገላ ይኖራል። ብረቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማንም ደንታ የለውም። ተመልካቹን የሚይዘው ልጁን መናፈቁ ነው።

እነዚህን ሁሉ ያየናቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት በኖረ ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደር፣ ራሱን ግን ዳይሬክተር ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። «አምብሬላ»ን ጨርሰን እንደተነሣን «ይሄማ የኛ ነው! ለቅሶ እኮ ነው!» አለና ወረቀት አምጣ አለኝ።

የቡድን ጀግና በአገራችን አልታሰበም ማለት አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በሚል አኒሜሽን ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች በያለዕድሜ ጋብቻና በመሰል ጎጂ ልማዶች ላይ አዝምተዋል። ዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንዴማ ደግሞ የሉሳካ ልጃገረዶችን ቡድን «ሱፓ ቲም 4» ብላ በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ አውጥታለች። ሁለቱም ለልጆች የተሠሩ ናቸው፤ ለልጆችም ደግ ሥራ ናቸው። እኛ የፈለግነው ግን ኪራይ የሚከፍል ጀግና ነበር።

ጻፍን። የመጀመሪያው ጀግናችን ይበራል። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፤ ውኃ በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ያሸክመዋል፣ ዲሽ አስተካክልልን ይለዋል። ምኞቱ ከአገር መውጣት ነው፤ ፓስፖርት ግን የለውም። ለመብረር ክንድ ዘርግቶ መነሣት ይበቃዋል፣ ካረፈ በኋላ የሚጠይቁትን ሲያስብ ተመልሶ ወረፋ ይሰለፋል። ሁለተኛው ጉልበተኛ ነው። ፍሪጅ በአንድ እጁ ይዞ ደረጃ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ጠምደውታል፤ የአራት ሰው ሒሳብ ብቻውን አስቀርቷላ! ሦስተኛዋ ጀበና ቡና ሻጭ ናት፤ ከመካኒሳ እስከ ለቡ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። ማን በዱቤ ጠጥቶ ሊጠፋ እንዳሰበም ታውቃለች፣ ቢሆንም ትቀዳለታለች። አራተኛው የሚሰወር ተከራይ ነው። መቼ እንደሚሰወር መናገር አያስፈልግም።

አሳድገው አሠልጥነዋቸው የነበሩት ሽማግሌ ይሞታሉ፤ ተኮራርፈው የኖሩት አራቱ በለቅሶው ድንኳን ሥር ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው። ድብድብ የለም፣ ፍንዳታ የለም። የሚያስፈልገን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር።

ዳይሬክተሩ ከሌላ ሰፈር ዕድር በዘመድ አስለምኖ ድንኳን አመጣ። ቅዳሜ ጠዋት በብሎኮቹ መካከል ተተከለ። እኔ «ድንኳኑ የፊልም ነው» ብዬ በትልቁ ጽፌ መግቢያው ላይ ለጠፍኩ፤ እሱ «ካሜራ ውስጥ ይገባብኛል» ብሎ ገነጠለው። ይህን የምጽፈው ለታሪክ እንዲቀመጥልኝ ነው።

ተዋንያኑ ተቀምጠው ገና «አክሽን» እንደተባለ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እኔን ይድፋኝ! እኔን!» እያሉ ገቡ። ድንኳኑ መሐል ሲደርሱ ደረታቸውን መቱ፣ አለቀሱ፣ ዕንባቸውን ጠረጉና አጠገባቸው ወደተቀመጠው ጉልበተኛ ጠጋ ብለው፣

«ማን ነው የሞተው ልጄ?» አሉት።

ልጁ ገጸ ባሕርዩ ውስጥ ነበር። «አባታችን» አለ። እንደገና አለቀሱ።

ዳይሬክተሩ ካሜራውን ማቆም ሲገባው ጭራሽ ወደ እሳቸው አዞረው። ወዲያው ሌሎች ሦስት እናቶች መጡ፤ የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሐዘን አለ» የሚል መልእክት ወጥቷል ለካ። ንፍሮ በሰፌድ ገባ። ቡና በፔርሙስ ገባ። ቁርስ ሳይበሉ የመጡት ተዋንያን ንፍሮውን ሲያዩ ሐዘናቸው ከልብ ሆነ። መብረር የሚችለው ጀግናችን ላፍቶ ያሰፋትን ቀይ ካባ ለብሶ ጥጉን ይዟል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም።

«አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ ለቅሶ ቤት ቀይ ለብሰህ የመጣኸው?»

«የሚበረው እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ለመብረሩ ትደርሳለህ፤ መጀመሪያ አባትህን ቅበር።»

ሰዎቹ ሟቹን ያውቋቸው ጀመር። «ያ ከዘራ ይዘው ጠዋት ጠዋት ወክ የሚያደርጉት ናቸው አይደል?» አለች አንዷ። «ሰላምታ አይነፍጉም ነበር» አለች ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጆቻቸው ግን አልጠየቋቸውም አሉ» ስትል እኔና ዳይሬክተሩ ተያየን። ድርሰቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ ማንም አልነገራትም። ስንት ሌሊት ተጨቃጭቀን ያልወጣልንን የሽማግሌውን ሕይወት አራት ሴቶች ንፍሮ እየቆረጠሙ ጨረሱት። ጀግና እንዲህ ነው መጻፍ ያለበት፤ የሚያደርገው ተአምር ሳይሆን ሰው የሚያማው ነገር ተቆጥሮ።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር መዝገባቸውን ይዘው ባይመጡ ጥሩ ነበር። «የሟች ስም?» አሉ። ዳይሬክተሩ በድንጋጤ የድርሰቱን ስም ሰጣቸው። ጻፉት። «ቀብሩ የት ነው?» ጸጥታ። ቡና ሻጯን የምትጫወተው ልጅ ማዳኗ ሆኖ «ጎፋ ገብርኤል» አለች። «እንግዲያው ጉድጓዱን ልጆች ሄደው ያስጀምሩ» ብለው ስልካቸውን ሲያወጡ እውነቱን ከመናገር በቀር መውጫ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ወደ ካሜራው ጠቆምኩ።

ቁጣውን አልዘረዝርም፤ የሚገባ ቁጣ ነበር። መጀመሪያ የገቡት እናት ብቻ አልተቆጡም። «ታዲያ ያለቀስኩትስ?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ግድ የለም፤ እኔ የራሴን ነው ያለቀስኩት።» ከዚያ ልዕለ ጀግኖቹን አንድ በአንድ አይተው ካባ ለባሹን በጣም ከስተሃል አሉት፤ የቀረውን ንፍሮ በፌስታል አሲዘውት ሄዱ።

የባሰው የገንዘቡ ነገር ነው። ለቀስተኞቹ ያዋጡትን ልንመልስ ብንዞር አንድም የሚቀበል ጠፋ፤ የለቅሶ ብር ተመልሶ ቤት ይገባል እንዴ? ሊቀመንበሩ ለዕድሩ ገቢ አደረጉት፤ በላዩም እኛን ቀጡን። የሌለው ሰው ስም ከመዝገቡ እንዲሰረዝ ብንለምን «የሞተ አይሰረዝም» ብለው እንቢ አሉ።

የተቀረጸውን ይዘን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሄድን። ኃላፊው እስከ መጨረሻው ተመለከተ፤ ዓይኑም እርጥብ ብሏል። «ሴትየዋን ከየት ነው ያገኛችኋት? ድንቅ ተዋናይ ናት!» አለ። አመሰገንን። «ለቅሶው ግሩም ነው» ብሎ ቀጠለ፣ «ጀግኖቹን ብታወጧቸውስ?»

በመንገድ ላይ ዳይሬክተሩ ሲሳደብ እኔ የሰውየውን ሐሳብ ሳመላልስ ነበር። የአገራችን ተከታታይ ድራማ የቤት ውስጥ ጉዳይ አያንሰውም። «ሰው ለሰው» ሰፈሩን ሁሉ ከቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠው በሰው ጠባይ ነው። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት «እረኛዬ»ም በአርትስ ቲቪ የተወደደው ሰዎቹ ስለሚታመኑ ነው። ታዲያ ጀግና ለምን? ለምን ቢባል፣ ፓስፖርት የሚጠብቅ ሰው ወረፋ ላይ ቢያሳዩን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ዓይናችን ለምዶታል። መብረር የሚችል ሰው ወረፋ ላይ ሲቆም ግን ወረፋውን እንደ አዲስ እናየዋለን። ኃይሉ ለዚህ ነው የሚያገለግለው። ወጪም አይጠይቅም፤ የሚበረውን ባናሳይ ቀና ብለው የሚያዩትን ማሳየት ይበቃል። ብር የሚያስፈልገው ለጸሐፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በጀት ሲያልቅ ነው የሚታወሰው።

ጀግኖቹን አላወጣናቸውም። ስለዚህ ድራማውም አልወጣም።

የጀግና ኃይል ተራውን ኑሮ እንደ አዲስ ለማሳየት እንደሚያገለግል ወጣት የኮሚክ ሠሪዎቻችን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። ብስራት ደበበ በዕጣን ኮሚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ጀምበር» ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ነው፤ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ከሱ በኋላ «ሐዊ» የምትባል ሴት ጀግናም መጥታለች። «ጀምበር» በአማርኛም ታትሟል፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። ድራማ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ ልመናዬ አንዲት ናት፤ የሚቀጥለውን ጀግና ይዛችሁ ስትመጡ ካባውን ከማሰፋታችሁ በፊት ልጁ የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚያመጣ ጻፉልን።