ድመት መንኩሳ

ስንዴ ከድመት ሳህን በመባረሩ እንኳን ደስ አላችሁ። በቆሎና ሩዝም ጓዛቸውን ጠቅልለው ተከትለውታል። በአሜሪካ የቤት እንስሳት መደብሮች መደርደሪያ ላይ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ውድ ከረጢት ጥርሱን ያገጠጠ የዱር አውሬ ተስሎበታል፤ ከአውሬው በላይ በደማቅ ፊደል «ከእህል ነጻ» ይላል። ገዢው አንብቦ ልቡ ይረካል። ከሶፋ ወርዳ የማታውቀዋ ድመቱ አዳኝ መሆኗን የሚረዳላት ኩባንያ በመጨረሻ ተገኘ!

በሐሰት አልመሰክርም፤ እህሉ በእርግጥ የለም። ከረጢቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ላነበበ ግን የእህሉን ወንበር እነማን እንደወረሱት ይታያል፤ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ አንዳንዴም ካሳቫ። ዶሮውም አለ፤ አልካድኩም። ነገር ግን ይህን ዝርዝር እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር የሐበሻ እናት ብታነቡላት «ሁዳዴ ገባ እንዴ?» ነው የምትላችሁ። ያለ ሥጋ መኖር የማትችልን ፍጥረት ከገብስ ክፋት ለማዳን ብለን ሽሮ አቀረብንላት። አበው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት ይህን ከረጢት ስላላዩ ነው። ዛሬማ ዓመሏን ረስታ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥራጥሬ እየቆረጠመች፣ ያውም በአውሬ ሥዕል ሥር ትጾማለች።

ጥራጥሬው ለምን አስፈለገ? ደረቁ ፍሬ ያለ ስታርች አይቆምማ! ሊጡ በሙቀትና በግፊት ከማሽኑ ሲወጣ የሚነፋውና ቅርጹን የሚይዘው በስታርች ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ስታርቹ ከበቆሎ ይምጣ ከአተር ደንታ የለውም። አንዳንዱ ከረጢት ስኳር ድንችና ብሉቤሪም ይጨምራል። ድመት ጣፋጭ እንድትቀምስ የሚያስችላት ዘረመል የማይሠራ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳውቀዋል፤ ብሉቤሪው ለማን ምላስ ተብሎ እንደገባ እናንተው ገምቱ።

የስንዴ ስም የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና ወደ አሜሪካ በገባ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን ተገኘ፤ የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ብሎ እንዲታይ ተጨምሮበት ነበር። ብዙ ድመቶችና ውሾች በኩላሊት ሞቱ። ገዳዩ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚውል ኬሚካል ነበር፤ የተፈረደበት ግን ስንዴ ነው። ከዚያ ወዲህ አተር ነገሠ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጥራጥሬ የበዛባቸውን ምግቦች ከውሾች የልብ ሕመም ጋር አያይዞ መመርመር እስኪጀምር ድረስ። ምርመራው አተርን ጥፋተኛ አላለውም፤ ነጻም አላወጣውም። «ከአተር ነጻ» የሚለው ከረጢትማ መምጣቱ አልቀረም፤ ዋጋውም እንደዚያው።

አሁን እህሉን ስናሳድድ ወደ ዘነጋነው ጉዳይ፣ ወደ ድመቷ ሽንት እንምጣ። የድመት ቅድመ አያት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር የዱር ድመት ናት። ውሃ ፍለጋ ብዙ አትባዝንም፤ ከምትበላው ታገኘዋለች፤ አይጥ ከመቶ 70 ያህሉ ውሃ ነው። ኩላሊቷም ሽንቷን እጅግ አወፍሮ ውሃ ይቆጥባል። ጥም ቶሎ አይሰማትም። ለዚህች እንስሳ ነው እንግዲህ ውሃው ከመቶ 10 የማይሞላ ብስኩት የምናቀርበው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው እርጥቡ ምግብ ግን 75 እና ከዚያ በላይ ነው። «ከጎኑ የመጠጥ ውሃ አስቀምጫለሁ» ትሉኝ ይሆናል። ጎሽ! ደረቅ የምትበላዋ በእርግጥ አዘውትራ ትጠጣለች፤ ሆኖም በጠቅላላው የምታገኘው ውሃ እርጥብ ከምትበላዋ አይደርስም። «እንደ ተፈጥሮዋ» የሚለው ከረጢት ከአይጡ ውስጥ ውሃውን ጨምቆ አፍስሶ በቦታው አተር ሞላበት፤ ገዢውም «ከእህል ነጻ» የሚለውን አሥር ጊዜ ሲያነብ «ደረቅ» የሚለውን አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም።

ደረቅ ምግብ የበላች ሁሉ ትታመማለች የሚል የለም፤ ስንቷ እሱኑ እየቆረጠመች አርጅታለች። በወጣትና በጎልማሳ ድመቶች ላይ የሚበዛው የሽንት ሕመም ጠጠርም የለበትም፤ መንስኤው በውል ያልታወቀ የፊኛ መቆጣት ነው፤ ጭንቀት ያባብሰዋል። ጠጠር ኖረም አልኖረም ግን የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነው፤ ሽንቱ ይቅጠን፤ ውሃ ይግባ። የስንዴን ስም የሚያነሣ የለም።

አንድን ንጥረ ነገር ጠላት አድርጎ የማሳደድ ዘመቻ ደግሞ ለድመት አዲስ አይደለም። ከእህል በፊት ተሳዳጁ ማግኒዥየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አምራቾች ስትሩቫይት የሚባለውን ጠጠር ለመከላከል ማግኒዥየሙን ቀነሱ፤ ሽንቱ አሲዳማ እንዲሆንም አደረጉ። ስትሩቫይት ቀነሰ፤ ጭብጨባ ሆነ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ጠጠር እየሰበሰበ የሚመረምረው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ሌላ ጠጠር ሲበዛ አየ፤ ካልሲየም ኦክሳሌት። ስትሩቫይት በምግብ ይሟሟል፤ ይሄኛው በምንም ምግብ አይሟሟም፤ ፊኛ ውስጥ ካደገ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ቢላዋ ነው።

የወንዱ ድመት ጉዳይ የባሰ ነው። የሽንት ቱቦው ጠባብ ስለሆነ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ነገር ይደፍነዋል። መጸዳጃ ሳጥኑ ውስጥ እየገባ እየወጣ ያምጣል፤ ጠብ የሚል የለም። ባለቤቱ «ሆዱ ደርቆ ይሆናል» ብሎ ያሳድረዋል። በዚህ መሐል መውጫ ያጣው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ልቡንም ያቆማል። ካልተከፈተለት በሁለትና በሦስት ቀን ሊሞት ይችላል። በለስ ቀንቶት ሐኪም ጋ የደረሰው ባለቤት የሚምለው ታዲያ በምን መሰላችሁ? «ዶክተር፣ እህል በአፉ ዞሮ አያውቅም!»

ሐኪሙ ቱቦውን ከፍቶ፣ ጠጠሩ ስትሩቫይት ሆኖ ሲያገኘው፣ በሳምንታት ውስጥ የሚያሟሟ የሐኪም ትእዛዝ ምግብ ይሰጣል። ባለቤቱ እንደ ልማዱ ጀርባውን ያነባል፤ በቆሎ፣ ሩዝ። ይደነግጣል። «ይህን መርዝማ ለልጄ አልሰጥም» ብሎ፣ አንድ ጊዜ ከሞት አፋፍ የተመለሰውን ድመት ይዞ ወደ አተሩ ይመለሳል። ይህን ዓይነቱን ጽናት ገዳም ውስጥም በቀላሉ አታገኙትም።

ሃይማኖቱን እንዲክድ ማንም አላስገደደውም እኮ። ከደረቁ ከረጢት ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ እርጥቡ ምግብ በቆርቆሮ ተደርድሯል፤ ብዙው ላይ በዚያው በደማቅ ፊደል «ከእህል ነጻ» ተብሎ ተጽፏል።